ፈረስ ቁጥር ሰባት

በገጽ የምከፈል ጸሐፊ ነኝ እኔ፤
ጣቴን አከራያለሁ፣ ዕረፍት ላይ ነው ዓይኔ።
የሕጉን፣ የእርሻውን፣ የሒሳቡን ጥናት
መትቼ ስጨርስ ቃል አትቀረኝ አንዲት።

ትርንጎ ግን መጣች፣ ደብተሯን በላስቲክ ከዝናብ ሸፍና፣
«የፈረስ ጉዳይ ነው፤ ያው... ፍልስፍና።»
«የፈረስ?» አልሁና ሳቄ አመለጠኝ፤
አልተቀየመችም፤ ርእሱን አነበበችልኝ፦

በጎንደር ከተማ ከሥራ የወጡ የጋሪ ፈረሶች፣
ሕመም የሚያነብ ማሽን፣
እና የባለዕዳው ማንነት።

«ረዘመ» አልኋት።
«ዕዳውም» አለች።

ምዕራፍ አንድ ላይ የፈረስ ፊት በስልክ ታነሣለች።
ስልኩ የጆሮውን አጣጣል ያያል፣ የዓይኑን ቆብ ያያል፣
የአፍንጫውን መኮማተር ለክቶ ቁጥር ይሰጣል፤
ዜሮ ሰላም፣ ዐሥር ስቃይ።
አርባ አንድ ፈረስ፣ ከአዘዞ እስከ ቅዳሜ ገበያ።
ከግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል፦
«ማሽኑ ሕመሙን ካወቀ፣ ሰውም አይቶ ልጓሙን ካልፈታ፣
‹አላወቅሁም› የምንላት ምክንያት ሞተች።»
ይህችን ሁለት ጊዜ መታኋት።
አንዱን በስሕተት።

ከፋሲል መዋኛ ጎን የድንጋይ ቤት አለ፣
የንጉሥ ፈረስ መቃብር ነው እየተባለ፤
ዞብል ነበር ስሙ። ያኔ በፈረሱ ነው ጌታው የሚጠራ፣
አባ እገሌ ተብሎ ሲፎክር ሲያቅራራ።
ዛሬ ባጃጁ ሲያፏጭ ዳገቱን ሲወጣ፣
ፈረስ ከጋሪ ወጣ።
ነጻ ወጣ? ትላለች። ወይስ ከቤት ወጣ?
በመብራት ምሰሶ ሥር ካርቶን የሚግጥባት፣
ጅብ የሚጠብቃት፣
ይህች ነጻነት ናት?

ዓባሪ ሦስት ላይ ስደርስ መሽቷል።
ከጎን ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ተዘግቷል።

ባለጋሪ ቁጥር ሰባት። ዕድሜ ስድሳ ሁለት።
ጥያቄ፦ ባለፈው ስመጣ ፈረሱ ነበረ። ለምን ለቀቁት?
መልስ፦ ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባል የለ?
አደረሰኝ። ልጄን አስተምሮ አደረሰልኝ።
ከዚያ ወዲያ ባጃጅ ጋር ይዋጋ?
ገብሲቱስ በኪሎ ስንት ገባች?
ጥያቄ፦ ማሽኑ ለፈረሱ ስምንት ሰጥቶት ነበር።
መልስ፦ እኔንም አንሺኝ እስቲ።
(ተጠያቂው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።)

ገብሲቱ።
እንዲህ የሚል አንድ ሰው ነው የማውቅ።
ሲከፋውም የሚያየው ግድግዳ ነው፤
ግድግዳው ላይ የእኔ የምረቃ ፎቶ አለ።

«ሸጥሁት» ነበር ያለኝ።
«ደኅና ሰው ነው የገዛው፣ ጭልጋ ወሰደው» ብሎ፣
ከሽያጩ ነው ብሎ፣
ሁለት ሺህ ብር ቆጥሮ በእጄ አስያዘኝ፤
ወገብህን እንዳያምህ፣ ደኅና ወንበር ግዛ።
ወንበሩ ይኸው። ተቀምጬበት ነው የመታሁት።
ብሩን ከማን ተበደረው?
ይህን ምዕራፍ አልጻፈችውም፤ ማን ይነግራታል?

«ፈረስ ቁጥር ሰባት» የሚለውን አጠፋሁና
«ቦራ» ብዬ መታሁ።
ግንባሩ ላይ ነጭ ነበረው፤ ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፣
ሦስተኛ ክፍል እያለሁ፣ ጋሪው ላይ ተኝቼ።

በማግሥቱ ትርንጎ ገጾቹን ስታገላብጥ
ጣቷ እዚያች ቃል ላይ ቆመ።
«ይሄ ምንድን ነው?»
«ስሙ ነው።»
«የሥነ ምግባር ኮሚቴው ስም አይፈቅድም።»
«የሰው ነው። የፈረስ አላለም።»

አየችኝ። ስልኳን አላነሣችም፣
ቁጥርም አልሰጠችኝ።
ብቻ ወንበሩን አየች፣ እኔን አየች፣
ቃሏን እንዳለች ትታ ቦርሳዋን ከፈተች።

የሰማንያ አራተኛውን ገጽ ሒሳብ አልተቀበልሁም።
ማታ ወደ አዘዞ ስገባ ባጃጅ አልያዝሁም፤
በየምሰሶው ሥር ቆም እያልሁ፣
በእግሬ።